የንባብ ውድድር ምን ይቆጥራል?

ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ቤቶች ለረጅሙ ዕረፍት በተዘጉባቸው ወራት፣ በምኖርባት የአሜሪካ ከተማ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የንባብ ውድድር አካሂዶ ነበር። ቤተሰቦች፣ ጓደኛሞችና የሥራ ባልደረቦች ቡድን እየመሠረቱ ተመዘገቡ። ደንቡ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ እያንዳንዱ ቡድን ያነበባቸውን መጻሕፍት ርእስ በቅጽ ላይ ይሞላል፣ በመጨረሻው ቀን ብዙ ያስመዘገበው ይሸለማል። ደንቡን ካረቀቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ወቀሳ ከማንም በፊት የሚመለከተው እኔን ነው።

አንደኛ የወጣው ቤተሰብ 64 መጻሕፍት አስመዝግቧል። አብዛኞቹ ሕፃናት በአንድ ቁጭታ የሚጨርሷቸው የእንግሊዝኛ የሥዕል መጻሕፍት ነበሩ። ቤተሰቡ አላጭበረበረም፤ ደንባችን ቋንቋም ሆነ የገጽ ብዛት አልለየምና። መጨረሻ የወጡት ደግሞ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ እናትና ሁለት ልጆቿ ናቸው። በሦስት ወር ያስመዘገቡት አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ብቻ ነው። እናትየዋ ሥራ ከመግባቷ በፊት ባለችው ጥቂት ጊዜ ጮኽ ብላ ታነባለች፤ ታላቂቱ ልጅ ተራዋ ሲደርስ እየተንተባተበች አንድ ገጽ ትወጣለች፤ ታናሹ ያልገባውን ቃል ይጠይቃል። በሽልማቱ ዕለት ውጤቱ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ የእነርሱ ቡድን «አንድ» ተብሎ ተጠራ። በአዳራሹ ውስጥ የሳቁ ሰዎች ነበሩ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ዘንድሮ ለሁለተኛው ዙር ጥሪ ስናደርግ አልተመዘገቡም።

ውድድሩ የተዘጋጀው የማን ልጆች አማርኛ እንዲያነቡ እንደ ነበር ሳስብ፣ ያባረርነው ትክክለኛውን ቤተሰብ መሆኑ ይከነክነኛል። ነገሩ የእኛ ብቻ ስሕተት እንዳልሆነ የተረዳሁት ግን ሰዎች በጋራ እንዲያነቡ ለማበረታታት ከዚህ ቀደም የተሞከሩትን መንገዶች መለስ ብዬ መመልከት ስጀምር ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፤ በየዘመኑም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። አንድ ማኅበረሰብ ንባብን ሲያከብር የሚያከብረው በትክክል ምኑን ነው?

የሚሰማ ንባብ

በአገራችን ንባብ ለብዙ ዘመን የዓይን ብቻ ሳይሆን የጆሮም ጉዳይ ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳውንና መልእክተ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት እስኪደርስ ድረስ ያነበበው ሁሉ በመምህሩ ፊት የተሰማ ነው። ንባቡ ራሱ ግእዝ፣ ውርድና ቁም እየተባለ ደረጃ ነበረው። ልጁ ወደ ቀጣዩ የሚሸጋገረው ተነሹን አንሥቶ፣ ወዳቂውን ጥሎ በትክክል ማንበቡን መምህሩ በጆሮው ሲያረጋግጥ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆች እንደ አቅማቸው ደግሰው ጎረቤት ይጠራሉ። በሙስሊሙ ማኅበረሰብም ቁርኣንን ያኸተመ ልጅ በቤተሰቡና በሰፈሩ ፊት ይመረቃል፣ ይደሰትለታል።

ያንን ሥርዓት እንከን የለሽ አድርጎ መሣል አይገባም። ዱላው ብዙ ነበር፤ ሴቶች ልጆች በአብዛኛው ከደጅ ቀርተዋል፤ ተማሪው የሚያነበውን የግእዝ ቃል ትርጉም ሳያውቅ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። ሆኖም ከሥርዓቱ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ድግሱ የሚደገሰው ለመጻሕፍት ብዛት አልነበረም። አንድ ታውቆ የተለየ መጽሐፍ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሌላ ሰው እየሰማው የተወጣ ልጅ ነበር የሚከበረው። ማኅበረሰቡም ምን እንደሚያከብር ያውቅ ነበር፤ ዳዊት ማለት ምን ያህል ድካም እንደሆነ ያልተማረው ጎረቤት እንኳ ይረዳዋል።

የትንባሆ ጠቅላዮቹ አንባቢ

የሥራ ባልደረቦች የጋራ ንባብ ሲነሣ ከኩባ የሲጋር ፋብሪካዎች የሚበልጥ ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1865 በሃቫና ከተማ ኤል ፊጋሮ በተባለ ፋብሪካ፣ ሲጋር ጠቅላዮች እጃቸው በትንባሆ ቅጠል ላይ ተጠምዶ ሳለ ከመካከላቸው አንዱ ጮኽ ብሎ እንዲያነብላቸው ተስማሙ። በዚያው ዓመት ሳቱርኒኖ ማርቲኔስ የተባለ ሲጋር ጠቅላይና ገጣሚ «ላ አውሮራ» የተባለ የሠራተኞች ጋዜጣ መሥርቶ ነበርና ልማዱ በጋዜጣው ድጋፍ በፍጥነት ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች ተዛመተ።

የአሠራሩ ረቂቅነት በዝርዝሩ ውስጥ ነው። አንባቢውን የሚቀጥሩትም ደሞዙን ከየኪሳቸው አዋጥተው የሚከፍሉትም ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ። የሚነበበውን ልብ ወለድ በድምፅ ብልጫ ይመርጣሉ፤ ሁጎ፣ ዱማና ሰርቫንቴስ በብዛት ይመረጡ ነበር። ንባቡ ያስደሰታቸው እንደሆነ ቅጠል የሚቆርጡበትን ቢላ በጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ ያጨበጭባሉ። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ማታ ከሥራ ሲወጡ ግን ስለ ሰሙት ታሪክ ይከራከራሉ። እስከ ዛሬ ድረስ «ሞንቴክሪስቶ» የሚባል የሲጋር ምርት መኖሩ ያ ንባብ የተወው አሻራ ነው።

ሥልጣን የያዙት ወገኖች የጉዳዩን ክብደት ወዲያው ተረዱ። የስፔን ቅኝ ገዥ አስተዳደር ንባቡ በተጀመረ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1866፣ በፋብሪካ ውስጥ እንዳይነበብ ከለከለ። ልማዱ ግን ተመልሶ አንሰራራ፤ ኩባውያን ስደተኞች ወደ ፍሎሪዳ ሲሻገሩም አብሯቸው ተሻገረ። በታምፓ ከተማ የስደተኞቹ ልጆች ስፓኒሽን የሰሙት በቤትና በፋብሪካው አንባቢ አፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 የታምፓ ፋብሪካ ባለቤቶች አንባቢዎቹ የሥራ ማቆም አድማ ይቀሰቅሳሉ ብለው መቀመጫቸውን ነቀሉ፤ በቦታቸውም ሬዲዮ ተተከለ። በኩባ ግን አንባቢው ዛሬም አለ።

በእኛ ውድድር ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ የሚሠሩ አራት ሰዎች ያቋቋሙት ቡድን ነበር። በምሳ ዕረፍታቸው አንዱ ያነባል፣ ሦስቱ እየበሉ ይሰማሉ። ቅጹን ሲሞሉ «የሰማነው እንዳነበብነው ይቆጠራል ወይ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ከተወያየን በኋላ «አይቆጠርም» አልናቸው። ስለ ሃቫና አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ቢኖር ኖሮ ምናልባት ሌላ መልስ እንሰጥ ነበር።

የጀመሩና የጨረሱ

አሜሪካ ውስጥ በጋራ ማንበብን በአገር አቀፍ ደረጃ ካደራጁት ቀደምት ተቋማት አንዱ የሾቶኳ ንባብ ማኅበር ነው። በምዕራብ ኒው ዮርክ ሾቶኳ በተባለ ሐይቅ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ ጆን ቪንሰንት የተባለ የሜቶዲስት ቄስ ኮሌጅ መግባት ላልቻሉ ሰዎች የአራት ዓመት የንባብ መርሐ ግብር አወጣ። ተመዝጋቢዎቹ በየከተማቸውና በየመንደራቸው ትናንሽ ክበብ እየመሠረቱ ተመሳሳይ መጽሐፍ በተመሳሳይ ወር ያነባሉ፣ ይወያያሉ። ከተመዝጋቢዎቹ የሚበዙት የከፍተኛ ትምህርት በር የተዘጋባቸው ሴቶች ነበሩ።

በመጀመሪያው ዓመት ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1882 አራቱን ዓመት ፈጽመው የተመረቁት ከ1 ሺህ 700 ብዙ አይበልጡም። በዘመናችን የፕሮጀክት መመዘኛ ይህ ውጤት ውድቀት ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ከአምስት ሰዎች አንዱ ብቻ ነው የጨረሰው። አዘጋጆቹ ግን የጨረሱትን በአበባ በተጌጠ ሰልፍ አጅበው ሲያስመርቁ፣ ያልጨረሱትን ከክበባቸው አላስወጡም። ክበቡ የሚኖረው ለምረቃው ብቻ አልነበረምና ከእነዚያ ክበቦች ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ በየከተማቸው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት የሚጠይቁ የሴቶች ማኅበራት ሆኑ። መርሐ ግብሩ ያልቆጠረው ውጤት ከቆጠረው ሳይበልጥ አልቀረም።

ዘመቻውና ሬዲዮኑ

የእኛ አገር ትልቁ የጋራ ንባብ ሙከራ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከአንባቢዎቼ መካከል በወጣትነታቸው ያስተማሩበት፣ ወይም እናት አባታቸው ስማቸውን መጻፍ የተማሩበት ብዙ እንደሚሆኑ እገምታለሁ። ትምህርቱ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ 15 አድጓል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ኢትዮጵያን ለዚሁ ሥራ ሸልሟታል። በየዙሩ ተማሪው ይፈተናል፤ ያለፈው የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ የወደቀው ማጠናከሪያ ይማራል፤ የእያንዳንዱ አካባቢ ቁጥር ወደ ላይ ይላካል።

ዘመቻውን በአንድ ቃል መፈረጅ አይቻልም። የጊዜው መንግሥት በቀበሌና በገበሬ ማኅበር መዋቅር ሰዎችን እያስገደደ ወደ ትምህርት ማውጣቱ እውነት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የልጃቸውን ደብዳቤ ራሳቸው ማንበባቸውም እውነት ነው። ለርእሳችን የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ቁጥሩ የሚለካው የምስክር ወረቀት የተሰጠበትን ቀን እንጂ ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ አልነበረም። የንባብ ቤቶች በየገጠሩ ቢቋቋሙም፣ የሚነበብ ነገር ያለማቋረጥ ማቅረብ ፊደል ከማስቆጠር ይልቅ እጅግ አስቸጋሪ ሆነ፤ ጦርነትና ረኃብም ተደራረቡ። 15ቱም ቋንቋዎች በዘመቻው የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነበርና፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በርካታ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምሩ በቀድሞው ፊደል ብቻ የተማረ ጎልማሳ በቋንቋው ለማንበብ እንደገና መጀመር ነበረበት። የፊደል ለውጡ የራሱ በቂ ምክንያቶች ነበሩት፤ የዘመቻው የምስክር ወረቀት ግን ስለ ነገው ምንም ዋስትና እንደማይሰጥ አሳየ።

በዚያው ዘመን ማንም ያልቆጠረው ሌላ ንባብ ይካሄድ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በድምፁ ተረከው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ በተማረው ዘንድ ዝነኛ ነበር፤ ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ ያደረሰው ግን ያ ድምፅ ነው። ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤት ይሰበሰብበታል፤ ቡና ይፈላል፤ ክፍሉ ሲያልቅ ስለ ሰብለ ወንጌል፣ ስለ በዛብህና ስለ ጉዱ ካሣ ክርክር ይነሣል። ቅጽ የሞላ፣ ውጤት ያወጀ፣ የተሸለመ አልነበረም። ዛሬ በየስደት አገሩ ያለ ሃምሳ ዓመት የተሻገረ ሰው ስለ መጽሐፉ ሲናገር ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሰው ያን ድምፅ ነው።

ሽልማት ምን ያደርጋል?

የዘመናችን የንባብ ውድድር የተወለደው ከሌላ አስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ፒዛ ሐት «ቡክ ኢት» የተባለውን መርሐ ግብር በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ዘረጋ። መምህሩ ለልጁ ወርኃዊ ግብ ያወጣል፤ ግቡን የመታ ልጅ በነፃ አንዲት ትንሽ ፒዛ ይቀበላል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ተሳትፈውበታል፤ ብዙዎቹም ዛሬ በናፍቆት ያነሡታል።

ትችቱ ግን ከመርሐ ግብሩ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። አንደኛው ቡድን «ብትሥሉ ትሸለማላችሁ» ተባለ፤ ሁለተኛው ሳይጠብቅ ተሸለመ፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቹ በነፃ ጊዜያቸው ሲታዩ፣ ሽልማት ተነግሯቸው የሣሉት ለሥዕል የሚሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ወደ ግማሽ ወርዶ ተገኘ። ጨዋታ የነበረው ነገር ሥራ ሆኖባቸዋል።

ይህን ብቻ ይዞ ሽልማትን ማውገዝ ግን ቸኩሎ መፍረድ ይሆናል። የሃርቫርዱ ምጣኔ ሀብት ሊቅ ሮላንድ ፍራየር በአሜሪካ ከተሞች ባካሄደው ሰፊ ሙከራ፣ በኒው ዮርክና በቺካጎ ተማሪዎች ለፈተና ውጤት ወይም ለክፍል ነጥብ ገንዘብ ሲከፈላቸው የሚታይ ለውጥ አልመጣም። በዳላስ ግን የሁለተኛ ክፍል ልጆች ላነበቡት ለእያንዳንዱ መጽሐፍ፣ አጭር ጥያቄ መልሰው ሲያልፉ፣ 2 ዶላር ተከፈላቸው፤ በእንግሊዝኛ የሚፈተኑት ልጆች የንባብ ግንዛቤ ተሻሻለ። ልጁ ውጤትን ማዘዝ አይችልም፤ መጽሐፍ ማንበብ ግን በእጁ ያለ ነገር ነው። በስፓኒሽ የሚፈተኑት ልጆች ውጤት ግን አልተሻሻለም፤ ይልቁንም ወደ ታች ያዘነበለ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ልጆቹን በሁለት ቋንቋ ለሚያሳድግ ወላጅ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ሊያሳስበው ይገባል። ሽልማት ወደ ቀላሉ መንገድ ይገፋል። ለሁለት ቋንቋ ልጅ ቀላሉ መንገድ ምንጊዜም የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ነው። ቋንቋ ሳይለይ መጽሐፍ የሚቆጥር ውድድር የተቃራኒውን ቋንቋ ንባብ እየሸለመ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። እኛ ያደረግነው በትክክል ይህንኑ ነው።

ከባሕረ ሰላጤው የመጣ ትምህርት

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ አንባቢያን የዱባዩን የዓረብ የንባብ ውድድር ታውቁት ይሆናል። በሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ አል መክቱም እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተ ሲሆን በመጀመሪያው ዙር ከ3 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ተሳትፈውበታል። እያንዳንዱ ተማሪ 50 መጻሕፍት በዓረብኛ አንብቦ ጭብጣቸውን «ፓስፖርት» በሚባሉ ባለ ቀለም ደብተሮች ያሰፍራል። ብዛቱ ግን መግቢያ በር ብቻ ነው። አሸናፊው የሚለየው በዳኞች ፊት ቀርቦ ስላነበበው በቃሉ ሲናገርና ሲጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ዙር ፍጻሜ ያሸነፈው የ7 ዓመት አልጄሪያዊ ሕፃን ነበር።

ሁለት ነገሮች ትኩረቴን ሳቡት። አንደኛው፣ ውድድሩ የቋንቋ ፖሊሲ መሣሪያ መሆኑን አይደብቅም፤ ዓረብኛ ይነበባል፣ በዓረብኛ ይመለሳል። ሁለተኛው፣ ከጊዜ በኋላ ከዓረብ አገሮች ውጭ ለሚኖሩ የዓረብ ልጆች ራሱን የቻለ ዘርፍ ከፈተ። በካይሮ የሚያድግን ልጅና በአውሮፓ የሚያድግን ልጅ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ እንዳልሆነ አዘጋጆቹ ተረድተዋል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ከኋላው የመንግሥት በጀትና ከፍተኛ የገንዘብ ሽልማት አለ፤ የማኅበረሰብ አዳራሽ በኪራይ የሚያገኝ ኮሚቴ ያንን ሊመኝ አይችልም። ዳኛ ፊት ቀርቦ መናገርና የልጁን መነሻ ማየት ግን ገንዘብ አይጠይቁም።

ለቀጣዩ ዙር

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ንድፍ ይታየኛል። ዳዊት የደገመው ልጅ፣ የሃቫናው ጠቅላይ፣ የሾቶኳ ክበብ፣ በሬዲዮ ዙሪያ የተሰበሰበው ጎረቤትና የዱባዩ ዳኛ ፊት የቆመው ሕፃን የሚጋሩት ነገር አለ፤ ንባቡን የሚሰማ ሌላ ሰው ነበራቸው። ንባቡ ቅጽ ላይ ብቻ ሲቀር ግን፣ እንደ ዘመቻው የምስክር ወረቀትም ሆነ እንደ እኛ የርእስ ዝርዝር፣ ቁጥሩ ይኖራል፣ አንባቢው ግን ይጠፋል።

ስለዚህ ለዘንድሮው ዙር አራት ማሻሻያዎችን ለኮሚቴው አቅርቤአለሁ። የሚቆጠረው የመጽሐፍ ብዛት ሳይሆን በአማርኛ ወይም ቤተሰቡ በመረጠው ሌላ የአገር ቤት ቋንቋ ጮኽ ተብሎ የተነበበበት ጊዜ ይሁን፤ የሰማም እንዳነበበ ይቆጠር። እያንዳንዱ ቡድን ከራሱ መነሻ ጋር እንጂ ከሌላው ጋር አይወዳደር፤ ፊደል ስትለይ የከረመች ልጅ በመጨረሻ አንድ ገጽ ካነበበች ያ ድል ነው። በመዝጊያው ዕለት ደረጃ ከመጥራት ይልቅ ሁሉም ቡድን የመረጠውን አንድ ገጽ በአዳራሹ ያንብብ። ሽልማቱም ፒዛ ወይም ገንዘብ ሳይሆን የሚቀጥለው መጽሐፍ ይሁን።

አንድ የኮሚቴ አባል «ታዲያ ውድድርነቱ የት አለ?» ሲል ጠይቆኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፉክክር ከሌለ ብዙ ሰው ላይመዘገብ ይችላል፤ አምና አዳራሹን የሞላው ሕዝብ የመጣው አሸናፊውን ለማየት እንደ ነበር አልክድም። የሚጠፋው ተመዝጋቢ ቁጥር ምን ያህል እንደሚሆን በሚቀጥሉት ወራት እናየዋለን።

እስከዚያው ግን ባለፈው ሳምንት ወደዚያች እናት ደወልሁ። ስለ አምናው ይቅርታ ጠይቄ አዲሱን ደንብ ነገርኋት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና ልጇን ጠይቃ እንደምትደውልልኝ ነገረችኝ። ልብ ወለዱን ጨርሰው ሁለተኛ መጽሐፍ መጀመራቸውን የሰማሁት ስልኩን ልንዘጋ ስንል ነው። ውድድራችን ካለቀ በኋላ የቀጠለውን ያን ንባብ የሚመዘግብ ቅጽ አልነበረንም።